ዕዳን በሥርዓት ስለ መክፈል
(ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ የንግድ ትምህርት)

ያለ ብድር የሚሄድ ንግድ ጥቂት ነው። የአዳማ (ናዝሬት) ባለ ሱቅ ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ ዕቃ በዱቤ ይወስዳል፤ ያንኑ ዕቃ ለወንጂና ለወለንጪቲ ቸርቻሪ መልሶ በዱቤ ይሰጣል፤ ቸርቻሪውም በተራው ደመወዝ እስኪወጣ ወይም እህል እስኪወቃ ለሚጠብቅ ደንበኛ በደብተር መዝግቦ ያስረክባል። በመቂና በባቱ (ዝዋይ) ዘርና የተባይ መድኃኒት የሚሸጠው ነጋዴ ደግሞ የገበሬው ሽንኩርትና ቲማቲም እስኪደርስ ይታገሣል። ስለዚህ ዕዳ መኖሩ ብቻውን ለነጋዴ ነውር አይደለም። ቤት የሚያፈርሰው፣ ዕዳው በጠቅላላ ስንት እንደ ሆነ፣ በየወሩ ስንት እንደሚበላና የትኛው አስቀድሞ መከፈል እንዳለበት ሳያውቁ መኖር ነው።

አያሌ ነጋዴዎች ዕዳቸውን የሚከፍሉት በጩኸት ቅደም ተከተል ነው። ደጋግሞ ስልክ የደወለው፣ ሱቅ ድረስ መጥቶ የተቀመጠው፣ በሰው ፊት የተናገረው አበዳሪ አስቀድሞ ይከፈለዋል፤ ዝም ያለው ይቆያል። ነገር ግን ዝም ያለው ዕዳ ሁልጊዜ ርካሽ ዕዳ አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ በምሳሌ እንደሚታየው፣ አንድ ነጋዴ በዚያው ገንዘብና በዚያው ጊዜ ውስጥ የአከፋፈሉን ቅደም ተከተል ብቻ በማስተካከል ከ20,000 ብር በላይ ሊያድን ይችላል።

አንደኛ፤ ዕዳን ሁሉ በአንድ ገጽ ስለ መጻፍ

የመጀመሪያው ሥራ የሒሳብ ደብተር ከፍቶ ዕዳን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር ነው። ለእያንዳንዱ ዕዳ አምስት ነገር ይጻፋል፤ ይኸውም የአበዳሪው ስም፣ ቀሪው ገንዘብ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ በየወሩ የሚጨምረው ወጪ፣ እንዲሁም ዕዳው ባይከፈል የሚከተለው ጉዳት ነው። በመጨረሻው ዓምድ ቤት የተያዘበት፣ ዋስ የቆመበት ወይም ቼክ የተሰጠበት ዕዳ ተለይቶ ይመዘገባል።

የእቁብ ቀሪ ክፍያም ከዚህ ገጽ መቅረት የለበትም። ዕጣው ወጥቶለት ገንዘቡን የወሰደ ሰው እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ባለ ዕዳ ነው። ከዘመድ የተወሰደው ገንዘብም እንዲሁ ይጻፋል። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ለመጻፍ ይፈራል፤ ድምሩን ማየት ያስደነግጣልና። ሆኖም ያልተደመረ ዕዳ በመደበቁ አይቀንስም፤ በየወሩ ይበላል እንጂ።

ሁለተኛ፤ ስሙ ወለድ ያልሆነ ወለድ

የባንክ ወለድ በውሉ ላይ በግልጽ ስለሚጻፍ ነጋዴው ያየዋል፤ ያማርረዋልም። የዱቤ ወለድ ግን በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚመጣ ማንም ወለድ ብሎ አይጠራውም። ለምሳሌ አንድ ጅምላ ሻጭ አንድን ዕቃ እጅ በእጅ 10,000 ብር፣ በ30 ቀን ዱቤ ግን 10,400 ብር የሚሸጥ ይሁን። ልዩነቱ 400 ብር ነው፤ ይኸውም ለአንድ ወር 4 በመቶ ማለት ነው። ይህ በየወሩ ከተመላለሰ በዓመት 48 በመቶ ይሆናል፤ ጭማሪው በጭማሪ ላይ እየተደመረ ከሄደ ደግሞ ከ60 በመቶ ያልፋል። በዓመት 18 በመቶ የሚያስከፍለው የባንክ ብድር በወር ሲታሰብ 1.5 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ ነጋዴው «ወለድ የለበትም» ብሎ ያቆየው ዱቤ፣ «ወለዱ ከበደኝ» ብሎ ከሚያማርርበት የባንክ ብድር ከሁለት እጥፍ በላይ የተወደደ ሆኖ ተገኘ።

በእጅ ስልክ የሚገኘውም ብድር በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን በ2014 ዓ.ም. በቴሌብር የብድር አገልግሎት ጀምሯል፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ምቹ በተባለው አገልግሎቱ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ያበድራል። እነዚህ ብድሮች በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚገኙና ብዙ ወረቀት ስለማይጠይቁ በችግር ቀን ይጠቅማሉ። ተበዳሪው ግን የአገልግሎቱን ክፍያ በመቶኛ አስልቶ ለወር መመንዘር ይገባዋል። ለምሳሌ ከ10,000 ብር የአንድ ወር ብድር ላይ 500 ብር አስቀድሞ ቢቀነስ በእጅ የገባው 9,500 ብር ነው። ስለዚህ ወጪው 5 በመቶ ሳይሆን 5.26 በመቶ ይሆናል።

ወለዱ የሚታሰብበትም መንገድ ሊጠየቅ ይገባል። ወለድ በየጊዜው በሚቀንሰው ቀሪ ዕዳ ላይ ቢታሰብና እስከ መጨረሻው ድረስ በመነሻው ብድር ላይ ቢታሰብ አንድ አይደለም። 100,000 ብር ለአንድ ዓመት ተበድሮ በየወሩ በእኩል የሚከፍል ሰው፣ 15 በመቶው በመነሻው ብድር ላይ ቢታሰብበት 15,000 ብር ወለድ ይከፍላል። በዓመቱ መካከል ግን በእጁ የቀረው የብድር ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ብቻ ስለ ሆነ እውነተኛው ወለድ በዓመት ከ26 በመቶ በላይ ነው።

ሦስተኛ፤ የአንድ ባለ ሱቅ ምሳሌ

ለትምህርት እንዲሆን በአዳማ የሚኖር አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ይታሰብ። የዕዳው ገጽ የሚከተለውን ይመስላል።

ሀ) ለባንክ፣ ቤት የተያዘበት፣ 600,000 ብር፤ ወለዱ በወር 1.5 በመቶ፤ የወሩ ክፍያ 20,000 ብር።
ለ) ለጅምላ ሻጭ፣ የዕቃ ዱቤ፣ 200,000 ብር፤ ጭማሪው በወር 4 በመቶ።
ሐ) የስልክ ብድር፣ 30,000 ብር፤ ወጪው በወር 5 በመቶ።
መ) የእቁብ ቀሪ፣ 12 ወር በየወሩ 10,000 ብር፣ በጠቅላላ 120,000 ብር፤ ወለድ የለበትም።
ሠ) ለዘመድ፣ 50,000 ብር፤ ወለድ የለበትም።

ድምሩ 1,000,000 ብር ነው። ነጋዴው የቤቱን ወጪ ሸፍኖና የሱቁን ዕቃ ተክቶ ለዕዳ የሚያውለው በወር 62,000 ብር ይሁን። ከዚህ ላይ የባንኩ 20,000 ብርና የእቁቡ 10,000 ብር በየወሩ ሳይጓደሉ ይከፈላሉ። የሚቀረው 32,000 ብር በጅምላ ሻጩ፣ በስልክ ብድሩና በዘመዱ መካከል እንዴት ይከፋፈል? የጉዳዩ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ እንደ ልማዱ ነው። ነጋዴው ዘመዱን ስለሚያፍር አስቀድሞ ለእርሱ ይከፍላል፤ ለሌሎቹ የወሩን ጭማሪ ብቻ ይሰጣል። ከዘመዱ በኋላ የስልኩን ብድር፣ በመጨረሻም የጅምላ ሻጩን ዱቤ ይጨርሳል። ዕዳዎቹ በ11ኛው ወር ይዘጋሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለጭማሪና ለአገልግሎት የወጣው ገንዘብ 68,130 ብር ነው።

ሁለተኛው መንገድ በወጪው ቅደም ተከተል ነው። በ1ኛው ወር ለጅምላ ሻጩ የወሩ ጭማሪ 8,000 ብር ተከፍሎ 24,000 ብር ለስልክ ብድሩ ይውላል። በ2ኛው ወር የስልኩ ቀሪ 7,875 ብር ከነክፍያው ይዘጋል፤ የተረፈው 24,125 ብር ለጅምላ ሻጩ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ 32,000 ብሩ በሙሉ በዱቤው ላይ ስለሚያርፍ ዱቤው በ9ኛው ወር ያልቃል። የዘመዱ ገንዘብ ከ9ኛው ወር ጀምሮ ተከፍሎ በ11ኛው ወር ይጠናቀቃል። በዚህ መንገድ የወጣው ጭማሪ 47,222 ብር ብቻ ነው።

በሁለቱም መንገድ ዕዳው የተዘጋው በ11ኛው ወር ነው፤ ነጋዴውም በወር የመደበው ገንዘብ አንድ ነው። ልዩነቱ ግን 20,908 ብር ሆኗል። ይህ ገንዘብ የተገኘው ተጨማሪ ዕቃ በመሸጥ ወይም ዋጋ በመጨመር ሳይሆን፣ የትኛው ዕዳ ቀድሞ እንደሚከፈል በመወሰን ብቻ ነው።

ትምህርቱ በዚህ አያበቃም። ሦስቱ ዕዳዎች ሲዘጉ የተለቀቀው 32,000 ብር ወደ ቤት ወጪ ሳይሄድ በባንኩ ክፍያ ላይ ይጨመር፤ እቁቡም ሲያልቅ 10,000 ብሩ ይከተል። የባንኩ ውል ከቀኑ በፊት መክፈልን ያለ ቅጣት የሚፈቅድ ከሆነ የባንኩ ዕዳ በ19ኛው ወር ያልቃል። ነጋዴው በየወሩ 20,000 ብር ብቻ እየከፈለ ቢቀጥል ግን ቤቱ እስከ 41ኛው ወር ድረስ በመያዣነት በቆየ ነበር።

እንግዲህ ደንቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ ለሁሉም ግዴታውን፣ ለተወደደው ትርፉን።

አራተኛ፤ ሌላው ዓለም ከዚህ ምን ተማረ?

በአሜሪካ አገር በ1958 እ.ኤ.አ. ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በፍሬዝኖ ከተማ ለ60,000 ያህል ሰዎች የብድር ካርድ አድሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክሬዲት ካርድ የተባለው በብዙ አገሮች ተስፋፍቶ ሕዝቡ የየወሩን ትንሽ ክፍያ ብቻ እየከፈለ በዕዳ የሚኖርበት ጊዜ መጣ። በአገራችን በብዙ ሰው እጅ ያለው የባንክ ካርድ ባለቤቱ የራሱን ተቀማጭ የሚያወጣበት እንጂ የሚበደርበት አይደለም፤ የዱቤ ደብተርና የስልክ ብድር ግን የዚያኑ ካርድ ሥራ ይሠራሉ።

በእነዚያ አገሮች ባለ ዕዳዎች የሚመከሩባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ወለዱ ከፍተኛ ከሆነው መጀመር ነው። ሁለተኛው መጠኑ ከሁሉ ያነሰውን ዕዳ አስቀድሞ መጨረስ ነው። የመጀመሪያው በሒሳብ ይበልጣል። ሁለተኛው ደግሞ ለልብ ብርታት ይሰጣል፤ አንድ ስም ከገጹ ላይ ሲሰረዝ ያየ ሰው ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላልና። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የስልኩ ብድር ትንሹም ውዱም ስለ ነበረ ሁለቱ መንገዶች በመጀመሪያው እርምጃ ተገናኝተዋል። ባልተገናኙበት ጊዜ ነጋዴው የልብ ብርታቱ ስንት ብር እንደሚያስወጣው አስልቶ ይምረጥ። ዘመዱ ለሕክምና ወይም ለልጅ ትምህርት ገንዘቡን አጥብቆ የሚፈልግ ከሆነም ከሒሳብ የሚበልጥ ግዴታ አለና እርሱ ይቅደም።

አምስተኛ፤ ከቶ መጓደል የሌለባቸው ክፍያዎች

የተወደደውን ዕዳ አስቀድሞ መክፈል ማለት ሌላውን መተው ማለት አይደለም። ሦስት ዓይነት ክፍያዎች በቀናቸው ሊሟሉ ግድ ነው።

የመጀመሪያው መያዣ ያለበት የባንክ ብድር ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ ብድሩ በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር በባንኮች አሠራር ከተበላሹ ብድሮች ይቆጠራል፤ መረጃውም ለሌሎች ባንኮች ስለሚደርስ ነጋዴው በሌላ በር አዲስ ብድር ማግኘት ይቸግረዋል። ስለዚህ መክፈል ያልተቻለ እንደ ሆነ ከቀኑ በፊት ወደ ባንኩ ቀርቦ የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ የተገባ ነው። አስቀድሞ የመጣ ተበዳሪ ይደመጣል፤ ማስጠንቀቂያ ከደረሰው በኋላ የመጣ ግን የሚነጋገረው በጠበበ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ቼክ የተሰጠበት ዕዳ ነው። ቀኑ ወደ ፊት የተጻፈ ቼክ ሰጥቶ ዕቃ መውሰድ በንግዱ ዓለም የተለመደ ቢሆንም፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣትን በወንጀል ያስቀጣል። ሌላው ዕዳ በፍትሐ ብሔር ችሎት የሚታይ ሲሆን ይህኛው የነጋዴውን ነጻነት ይነካል።

ሦስተኛው እቁብ ነው። ወለድ ስለሌለበት ቀላል ቢመስልም፣ አንድ ሰው ሲያጓድል ዳኛውና ዋሱ ይጠየቃሉ። ለጓደኛ የቆመ ዋስ ዕዳ ከሜዳ እንዳይመጣበት የሚጠብቀው የባለ ዕቁቡ ታማኝነት ብቻ ነው።

ስድስተኛ፤ ለዕዳ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይገኛል?

ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በሱቁ ውስጥና በደንበኛ እጅ አለ። ባለ ሱቁ ራሱ አበዳሪ ስለ ሆነ የዱቤ ደብተሩን በቀን ይለየው፤ 30 ቀን ያልሞላው፣ ከ30 እስከ 90 ቀን የሆነው፣ ከ90 ቀን ያለፈው ተብሎ ይከፈል። በወር 4 በመቶ በሚበላ ዱቤ የተገዛ ዕቃ ለደንበኛ ያለ ጭማሪ ለ3 ወር ቢሰጥ 12 በመቶ ያህል ትርፍ ጠፍቷል። ብዙ ቸርቻሪ የሚያተርፈው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ እየሸጠ ይከስራል።

የቆመ ዕቃም እንዲሁ ነው። በመደርደሪያ ላይ 5 ወር የተቀመጠ የዱቤ ዕቃ 20 በመቶ በልቷል። ይህን ዕቃ በገዛበት ዋጋ ሸጦ የተወደደውን ዕዳ መክፈል ኪሳራ ሳይሆን ኪሳራን መቁረጥ ነው።

እቁብ በሚገባ ከተያዘ ጥሩ መሣሪያ ነው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ እንደ ተበደረ ይቆጠራልና፣ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ በተወደደው ዱቤ ላይ ቢያውለው በየወሩ የሚበላውን ጭማሪ ያቆማል። ተራው ሳይደርስ የሌላውን ዕጣ የሚገዛ ሰው ግን የሚከፍለው ልዩነት ራሱ ወለድ መሆኑን አይርሳ።

የተወደደን ዕዳ በረከሰ ብድር መለወጥም ይቻላል። በምሳሌው ያለው ነጋዴ 200,000 ብሩን ዱቤ በባንክ ብድር ቢተካው የመጀመሪያው ወር ወጪው ከ8,000 ወደ 3,000 ብር ይወርዳል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ሊል ይገባዋል። በስሙ ብቻ የነበረው ዕዳ አሁን በቤቱ ላይ ይወድቃል። ዱቤውን ከዘጋ በኋላ መልሶ ከከፈተውም በአንድ ዕዳ ፋንታ ሁለት ይኖሩታል። ዕዳን በአራጣ መክፈል ግን ከቶ አይታሰብ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰዎች መካከል በሚደረግ የገንዘብ ብድር ከ12 በመቶ በላይ የዓመት ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ አራጣም በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው።

ሰባተኛ፤ ወቅትና ምንዛሪ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ገንዘብ በወቅት ይመጣል፣ በወቅት ይሄዳል። በመስኖ የተተከለ ሽንኩርት ለመድረስ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጃል። ስለዚህ የመቂ ወይም የባቱ ግብዓት ሻጭ ከአቅራቢው የ30 ቀን ዱቤ ወስዶ ለገበሬው የ4 ወር ዱቤ ቢሰጥ፣ ገበሬው ታማኝ ቢሆንም እንኳ እርሱ በ3ቱ ወራት መካከል ይወድቃል። ሽንኩርቱ በሁሉም ማሳ በአንድ ጊዜ ከደረሰ ዋጋው ስለሚወርድ ክፍያው ሊጓደል ይችላል። የተቀበሉት የዱቤ ጊዜ ከሰጡት የዱቤ ጊዜ እንዳያጥር መጠንቀቅ የዚህ አካባቢ ነጋዴ ዋና ጥበብ ነው።

የቦሎቄ ላኪም በመኸር ጊዜ በባንክ ብድር ገዝቶ ዋጋ እስኪወጣ ሲጠብቅ፣ በ1,000,000 ብር ላይ በወር 15,000 ብር ወለድ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ዋጋው በየወሩ ከ1.5 በመቶና ከመጋዘን ወጪው በላይ ካልጨመረ መጠበቁ ትርፍ አይደለም። ሥጋ ሻጭ ደግሞ በዐቢይ ጾም ገበያው እንደሚቀዘቅዝ እያወቀ በዚያ ወቅት ትልቅ ክፍያ መዋዋል የለበትም።

አስመጪው በውጭ ገንዘብ የገባበትን ዕዳ ከሁሉ ለይቶ ይመልከተው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ በባንክ ከ57 ብር ጥቂት ይበልጥ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለውጭ አቅራቢ 10,000 ዶላር የሚከፍለው ነጋዴ ዕዳው በብር ሲታሰብ ከ570,000 ወደ 1,000,000 ብር ደረሰ፤ ዕቃውን ግን አስቀድሞ በቀድሞው ዋጋ ሸጦት ሊሆን ይችላል። በሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃው በቆየ ቁጥር የሚጨምረውም ኪራይ በዕዳው ገጽ ላይ እንደ ወለድ ይጻፍ።

ስምንተኛ፤ ከአበዳሪ ጋር ስለ መነጋገርና ስለ ደረሰኝ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለባለ ዕዳ የሚጠቅሙ ደንቦች አሉት። ለአንድ አበዳሪ ልዩ ልዩ ዕዳ ያለበት ሰው ሲከፍል የትኛውን ዕዳ እንደሚከፍል ለመግለጽ ይችላል። በአንዱ ዕዳ ውስጥ ግን ክፍያው አስቀድሞ ለወጪ፣ ቀጥሎ ለወለድ፣ በመጨረሻ ለዋናው ገንዘብ ይታሰባል። ጥቂት ጥቂት የሚከፍል ሰው ዋናው ገንዘብ ሳይነካ የሚቆይበት ምክንያት ይህ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ደግሞ በጽሑፍ ካልሆነ በቀር በምስክር ለማስረዳት ስለማይቻል፣ በዘመድ መካከልም ቢሆን ወረቀት መጻፍ ፍቅርን ይጠብቃል እንጂ አያበላሽም። የከፈለም ሰው ደረሰኝ ይቀበል፤ የመጨረሻውንም በከፈለ ጊዜ የፈረመበትን የዕዳ ወረቀት ያስመልስ።

ለአበዳሪ የሚጻፍ ደብዳቤ አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን። ናሙናው የሚከተለው ነው።

«ለክቡር አቶ ……፣
ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ ስለ ታገሡኝ አመሰግናለሁ። በሒሳብ ደብተሬ መሠረት ለክቡርነትዎ የምከፍለው ቀሪ ዕዳ …… ብር ነው። ከ…… ወር ጀምሮ በየወሩ በ…… ቀን …… ብር ለመክፈል ግዴታ እገባለሁ። ይህ ክፍያ አስቀድሞ በ…… ቀን በተጻፈው ደረሰኝ ለወሰድሁት ዕቃ እንዲታሰብልኝ እየለመንሁ፣ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ የምወስደውን አዲስ ዕቃ እጅ በእጅ እንደምገዛ አረጋግጣለሁ። በዚህ መሠረት ጭማሪው እንዲቀነስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር፣ ……»

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው አበዳሪ ገንዘቡ መቼ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ይረጋጋል፤ ብዙ ጊዜም ጭማሪውን ያሻሽላል። በደብዳቤው የተጻፈውን ቀን ማክበር ግን ግዴታ ነው። ከአቅም በላይ ተስፋ ሰጥቶ ከማፍረስ፣ ዝቅ ያለ ገንዘብ ቃል ገብቶ በቀኑ መክፈል ይሻላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ዕቃ እጅ በእጅ 25,000 ብር፣ በ60 ቀን ዱቤ 26,500 ብር ነው። ጭማሪው በወር ስንት በመቶ ነው? በዓመትስ?
2. ነጋዴው ለዚሁ ዕቃ በዓመት 18 በመቶ የባንክ ብድር ቢያገኝ ለ60 ቀን የሚከፍለው ወለድ ስንት ነው?
3. በሱቅዎ ካለው ዕዳ ሁሉ በወር ሲታሰብ ከሁሉ የተወደደው የትኛው ነው? ባለፈው ወር አስቀድሞ የተከፈለውስ እርሱ ነበርን?

መልስ፤ የመጀመሪያው በወር 3 በመቶ፣ በዓመት 36 በመቶ ነው። የሁለተኛው 750 ብር ሲሆን የዱቤው ጭማሪ 1,500 ብር ነበር። የሦስተኛው መልስ በእያንዳንዱ ነጋዴ የሒሳብ ደብተር ውስጥ ይገኛል፤ ደብተሩ ዛሬ ማታ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ቢከፈት መልካም ነው።